ረሀብ የማይታይበት መንገድ

ሾፌር ጡረታ ሲወጣ መጀመሪያ ግር የሚለው ግራ እግሩ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፍሪሲዮን ሲረግጥ ኖሮ አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ይፈታል። እኔም መካነ ሰላም ባለችው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳወራ፣ ወሬው ሲረዝምብኝ እግሬ ሳላዘው መሬቱን ጫን ያደርጋል። ባለቤቴ «ደግሞ ማርሽ ቀየርክ?» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። ጤና አለኝ፣ ቤቴ ፀሐይ ይገባዋል፣ ከማንም ጋር ቂም የለኝም።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ልጄ ትዕግሥት ደወለችልኝ። አዲስ አበባ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው። «አባዬ፣ በጥቅምት ዓሣ ማጥመድ የሚወዱ እንግዶች ይመጡብኛል። መረብ አይፈልጉም፤ በዘንግና መንጠቆ ላይ በታሰረ ላባ ነው የሚያጠምዱት። ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም ያሉትን ወንዞች በመኪና እየዞሩ ማየት ይፈልጋሉ። ጉዞውን አሰናዳልኝ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ስለ መንገድ ከጠየቁኝ የሚያቆመኝ የለም። ስልኩን እንደያዝኩ ምሳዬ ቀዘቀዘ።

«መጀመሪያ ነገር፣ በመስከረም እንዳታመጫቸው» አልኳት። መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ የከተማ ሰው ወንዙም አብሮ የጠራ ይመስለዋል። ደጋው ግን ክረምቱን የጠጣውን ውሃ ገና አልጨረሰም። አንድ ዶፍ ከጣለ ወንዙ ተመልሶ ይደፈርሳል፤ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ደግሞ ዓሣ ላባ አይታየውም። ጥቅምት ሲጋመስ፣ ገብሱ ሲነጣ፣ ጎርፉ ድንጋይ ላይ የተወው የጭቃ መስመር ደርቆ ሲረግፍ፣ ያኔ ነው ጊዜው። ከዚያ ከላይ ወደ ታች መውረድ ነው። የላዩ ውሃ ቀድሞ ይጠራል፤ እንግዶቹ እሱን ሲጨርሱ የታችኛውም ጠርቶ ይቆያቸዋል።

«ጎህ ሲቀድ አትቀስቅሻቸው» አልኳት ደግሞ። የደጋ ውሃ ውርጭ ያደረበት ነው፤ ፀሐይ እስክትነካው ድረስ ዓሣው ከድንጋይ ሥር ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ቁርሳቸውን ረጋ ብለው ይብሉ። በቅሎ ሲከራዩ መጀመሪያ እየሮጠ የመጣውን ሰው በቅሎ አይያዙ፤ ጥሩ በቅሎ ያለው ሰው ምን ያስሮጠዋል? መኪናው የሚቆመው መዞሪያ ባለበት ብቻ ነው። ወንዙ ጠርቶ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጉ ደግሞ ውሃ የምትቀዳዋን ሴት ይጠይቁ። ሽማግሌ ከጠየቁ የሚነገራቸው በልጅነቱ ስለነበረው ወንዝ ነው።

ትዕግሥት ሳቀች። «አንተ ሾፌር አልነበርክ እንዴ? ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው?» አለችኝ። ሾፌር ነበርኩ። ግን ያስተማሩኝ ሰው ነበሩ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቀኑን ሙሉ ስለ እሳቸው ሳስብ ዋልኩ።

ሥራ የጀመርኩት መንገድ ሥራ ውስጥ ነው፣ ውሃ ጫኝ መኪና ላይ። አቧራ እንዳይነሳ ፒስታውን፣ የጠጠሩን መንገድ፣ እያጠጣሁ ከላይ ታች ስል ጎረመስኩ። ኋላ ደሴ ላይ አንድ ትንሽ የዓሣ ጥናት ክፍል ሲከፈት ሾፌር ተፈለገ። ጓደኞቼ «ዓሣ የት ያደርሳል?» ብለው ስለሳቁበት ቦታው ለእኔ ተረፈ። አበሉ ጥቂት፣ የጉዞ ማዘዣው ወረቀት ብዙ ነበር፤ ስለ እሱ ይኸው በቃኝ።

የክፍሉ ባለሙያ አቶ ግዛቸው ይባላሉ። ባሌ ተራሮች ላይ፣ ከውጭ አገር መጥቶ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ የተለቀቀውን ትራውት የሚባል ዓሣ ሲንከባከቡ የኖሩ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ወደ እኛ የተላኩት የምዕራብ ወሎ ደጋ ወንዞች ያንን ዓሣ ይችሉት እንደሆነ እንዲያጠኑ ነው። ትራውቱ እስከ ዛሬ አልመጣም። እሳቸው ግን በዘንግና በላባ የአገሩን ዓሣ እያወጡ ወንዞቹን አንድ በአንድ አወቋቸው፤ እኔም ከኋላ ከኋላቸው።

አቶ ግዛቸው ወንዝ ዳር ሲደርሱ ዘንጋቸውን አይፈቱም። መጀመሪያ አጠገብ ያለው ማሳ የማን እንደሆነ ጠይቀው፣ ሄደው ሰላም ይላሉ። ከዚያ ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ይገቡና ድንጋይ እየገለበጡ ከሥሩ የተለጠፉትን ትሎች ያያሉ። አይተው ሲጨርሱ ድንጋዩን እንደነበረ መልሰው ያስቀምጡታል። «የሰው ቤት ገብተህ ጣራውን ገልብጠህ አትወጣም» ይሉኝ ነበር። ያዩትን ትል የሚመስል ነገር ትንሽ መንጠቆ ላይ ከበግ ፀጉርና ከአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ይሠራሉ። ክሩን በጥርሳቸው ወጥረው ላባውን ሲጠመጥሙ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ እኔም ሳላውቀው አብሬ እይዛለሁ። የያዙትን ዓሣ በደረቅ እጅ አይነኩም፤ ደረቅ እጅ ቆዳውን ያቆስለዋልና መጀመሪያ እጃቸውን ወንዙ ውስጥ ይነክራሉ።

የላባው ነገር ግን ጣጣ ነበረው። አንድ ቀን ከአቀስታ ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ አንዲት ባልቴት ደጅ ላይ ያማረ ገብስማ አውራ ዶሮ አዩና ቆሙ።

«እማማ፣ ከዚህ ዶሮ አንገት ጥቂት ላባ ቢሰጡኝ።»

«ዶሮውንስ?»

«ዶሮው ይቆይ። የምፈልገው ላባውን ነው።»

«ለምንህ ነው?»

«በክር ልቋጥረው።»

ባልቴቷ አማተቡ። «ያረቢ! እናንተዬ፣ ጠንቋዩም የመንግሥት መኪና ተሰጠው!»

ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ከመኪናው ኋላ ተደበቅሁ። አቶ ግዛቸው ግን አልተቆጡም። ወንዝ ወርደው በራሳቸው ላባ አንድ ዓሣ ይዘው መጡና ለባልቴቷ አሳዩዋቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር ባለፍን ቁጥር ላባው ተለቅሞ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ ይጠብቀን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዞ ልምጣ። ለንጉሡ በዙፋን ላይ የመጨረሻቸው በሆነው ጥቅምት ነው። ምሥራቁን ቆላ ዝናብ ከድቶት፣ ሰው ከብቱን ጨርሶ ወደ አስፋልቱ መውጣት ከጀመረ ቆይቷል። ደሴ መግቢያ ላይ መኪና ስነዳ መንገድ ዳር የተኛው ሰው የተኛ ይሁን የሞተ አላውቅም ነበር። በመሥሪያ ቤት ግን ስለዚህ ነገር አይወራም። ያኔ አዲስ ሹም መጥቶልን ነበር፤ ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽሩን የማያወልቅ። አንድ ጠዋት አቶ ግዛቸውንና እኔን አስጠራን።

«ከአዲስ አበባ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ወርደው ወደ ምዕራብ ይወጣሉ። ዓሣ ማጥመድ ይወዳሉ። ጉዞውን እናንተ ታሰናዳላችሁ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መንገዱን ስትመርጡ፣ ለእንግዶቹ ዓይን የሚከብድ ነገር እንዳይኖር» ብሎ ጨመረ።

«የሚከብደው ምኑ ነው?» አሉ አቶ ግዛቸው።

«አንተ ታውቀዋለህ።»

አቶ ግዛቸው «መንገዱን እንዳሉት እናደርጋለን። ወንዙን ግን እኔ ልምረጥ» አሉት።

«እሱማ ሙያህ ነው» አለ ሹማችን፣ ተደስቶ።

በዚህ ጉዞ የተነሳ ከሥራዬ ተባርሬአለሁ፤ ከአሁኑ ልንገራችሁና ልቤ ይረፍ። አቶ ግዛቸውም ወደ ባሌ ተመለሱ፤ ከትራውታቸው ጋር አርጅተው፣ በአልጋቸው ላይ፣ ልጆቻቸው ከበዋቸው ነው ያረፉት። እኔ ለጥቂት ወራት ሥራ ፈታሁ። ከዚያ በየካቲት አገሩ ሲናወጥ ሹማችንም ከነመነጽሩ ጠፋ፤ ለእኔ ግን የእርዳታ እህል የሚጭን መኪና ተሰጠኝ። የተቀረውን ዕድሜዬን ሰው በሚኖርበት መንገድ ሁሉ ነዳሁ። በማሻ በኩል፣ አምባ መቅደላን አሻግሬ እያየሁ፣ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ እኔም አላውቀው። አልከፋኝም።

እንግዶቹ ሊደርሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው እኔ፣ አቶ ግዛቸውና ጋሽ ወልዴ ድንኳን ልንተክል ቀደምን። ጋሽ ወልዴ ለዚህ ጉዞ ከደሴ የተቀጠሩ ምግብ አብሳይ ናቸው። እጃቸው የሚጣፍጥ፣ ጾም የማያልፋቸው፣ አንጀታቸው የማይችል ደግ ሰው ናቸው፤ ዓሣ ግን በሕይወታቸው አብስለው አያውቁም። አቶ ግዛቸው የመረጡት ወደ ወለቃ ወንዝ ከሚወርዱት ገባሮች አንዱን ነበር፣ የእግረኛው መንገድ በሚሻገርበት መልካ ላይ። ስንደርስ አንድ ትልቅ ወይራ ሥር ሰዎች ተቀምጠው አገኘን። ሊነሱ ሞክረው ያልቻሉ ነበሩባቸው።

ነጭ ጥምጥም ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን በዱላቸው ተነስተው መጡ። ሼህ ይማም ይባላሉ። «አፊያ ናችሁ ልጆቼ? መንገዱ እንዴት አደረጋችሁ?» አሉን። የተራቡት እነሱ፣ ስለ መንገድ የሚጠይቁት እኛን። አፈርኩ።

ከምሥራቁ ቆላ ነበር የመጡት፣ እዚሁ ወሎ፣ ቦረና ያሉ ዘመዶቻቸውን ፍለጋ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መንገድ ላይ ተገናኝቶ አንድ ላይ ይጓዛል። የሼሁ ምራት ዘሐራ ትንሹን ልጇን ሰይድን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። የልጁ ዓይን ከፊቱ ይበልጣል። የያዝነውን ዳቦ አውጥተን አካፈልን፤ ለዚያ ሁሉ ሰው ምንም አልሆነ። ሰይድ ደግሞ ዳቦው አልወርድ አለው። ስኳር በውሃ በጥብጠን ስንሰጠው ጥቂቱ ብቻ ወረደለት።

አቶ ግዛቸውን ለብቻቸው ጠራኋቸው። «እዚህ ሰው እንደሚያልፍ ያውቁ ነበር?»

«አቀስታ ገበያ ላይ ሴቶቹን ጠይቄ ነበር።»

«እኔ እኮ ስለ ወንዙ የጠየቋቸው መስሎኝ!»

«ስለ ወንዙም ጠይቄአለሁ» አሉና ልጁን አሻግረው አዩት። «መረብ አውጣ። የዓሣ መረቅ ይወርድለታል።»

በእኛ አገር ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። ዓሣ ግን አይታረድም፤ ስለዚህ የማንም አይደለም። አቶ ግዛቸው ደስ ያላቸው በዚህ ነበር። «አንድ ድስት ይበቃናል፣ ሁሉም ከአንዱ ይበላል» እያሉ ውሃው ውስጥ ገቡ። እኔና እሳቸው፣ አቅም ከነበራቸው መንገደኞች ሁለቱ አግዘውን፣ መረቡን በሰፊው ኩሬ ላይ ጎተትን። ወንዙ በእውነት ሰጠን። ዓሣውን ወደ ዳር እየወረወርን፣ ጀርባችንን ሰጥተን እንደገና ጎተትን።

ጋሽ ወልዴ ዳር ላይ ሆነው ያዩታል። ዓሣው ይንፈራገጣል፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ ይሞታል። ለእሳቸው ሳይታረድ የሞተ እንስሳ በክት ነው፤ ለተራበ ሰው በክት ሊያበሉ ነው ማለት ነው። ደነገጡ። ቢላዋቸውን መዘው አማተቡ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» እያሉ የእያንዳንዱን ዓሣ አንገት ቆረጡ። ከልባቸው ነው፣ አንድም ሳይቀር። እኛ ዞር ስንል ጨርሰዋል። ዘሐራ ድስቷን ይዛ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ድስቷን ቀስ ብላ በአፉ መሬት ላይ ደፋችው።

«ምነው እመቤት?» አሉ ጋሽ ወልዴ። «አብሽሪ፣ ባርኬዋለሁ እኮ!»

አቶ ግዛቸው ነገሩ ገብቷቸው ወደ ሼህ ይማም ሄዱ። «ሼህ፣ እርስዎ ያውቃሉ፤ ዓሣ ማረድ የለበትም። ቢቆረጥም ዓሣ ነው። ይንገሯት።»

«አውቃለሁ ልጄ፣ ኪታቡም እንዲያ ይላል» አሉ ሼሁ። «እሷ ግን ቢላዋውን አይታለች፣ የተጠራውንም ስም ሰምታለች። ከቀየዋ ስትወጣ ከብቱን ጥላ፣ ቤቷን ጥላ፣ ሁለት ልጆች ቀብራ ነው የወጣችው። ሃይማኖቷ ብቻ ነው እጇ ላይ የቀረው። እሱን እኔ አላስጥላትም።»

መረቡን እንደገና ጣልን። የጎርፍ ግንድ ያዘውና ከመካከሉ ተተረተረ። ኩሬው በእግራችን ደፍርሶ ነበር፤ ፀሐይዋም ዘቀዘቀች። አንድ ላይ ሲራቡ የመጡ ሰዎች በዚያች አንዲት ቢላዋ ለሁለት ተከፈሉ፤ ክርስቲያኖቹ አንገታቸውን ደፍተው በሉ፣ ሌሎቹ ፊታቸውን አዞሩ። በሥራ ዘመኔ መኪና ገልብጫለሁ፣ ጭነት ወንዝ ወስዶብኛል፤ እንደዚያ ምሽት ግን አንጀቴ የተቃጠለበት ጊዜ የለም። ጋሽ ወልዴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «እኔ እኮ እንዳይበከትባቸው ብዬ ነው» እያሉ እንደ ልጅ አለቀሱ። አቶ ግዛቸው አጠገባቸው ተቀምጠው «አስቀድሜ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር» አሏቸው።

ጠዋት ሰይድ ማልቀስ ትቶ ነበር። ዘሐራ ጆሮዋን አፉ ላይ አስጠግታ ትንፋሹን ታዳምጣለች። አቶ ግዛቸው ዘንጋቸውን ይዘው ከመልካው በላይ፣ ውሃው ወደ ጠራበት ወጡ። እኔ ባልዲ ይዤ ተከተልኩ። ፀሐይዋ ወንዙን እስክትነካ ድረስ መጠበቅ ነበረብን። ያችን ጥበቃ አልረሳትም። ድንጋይ ገልብጠው አዩ፣ መልሰው አስቀመጡ፣ ቡናማ ላባ መርጠው ቋጠሩ።

ብርሃኑ ውሃው ላይ ሲወርድ ክሩን ወደ ኋላ ለቀቁት፣ እስኪዘረጋ ጠበቁት፣ ከዚያ ወደ ፊት። ላባው ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ኋላ፣ ውሃው ዝግ ከሚልበት ቦታ ላይ አረፈ። አንዱ መጣና ያዘ፤ ዘንጉ ጎበጠ፤ ከዚያ ቀለለ። አመለጠ። «ያረቢ» አልኩ እኔም እንደ ባልቴቷ። አቶ ግዛቸው እንደገና ወረወሩ። ሁለተኛው ሲይዝ አልቸኮሉም፤ ሲሄድ ለቀቁለት፣ ሲደክም ሰበሰቡት። እጃቸውን ነክረው መንጠቆውን ነቀሉና ከነሕይወቱ ባልዲዬ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ።

ባልዲውን ዘሐራ እግር ሥር አስቀመጥኩት። ዓሣዎቹ ውሃውን ይገርፉታል። እጇን ከትታ አንዱን ያዘችው፣ አገላብጣ አንገቱን አየችው፣ ሼሁን ቀና ብላ አየቻቸው። «ቢስሚላህ» አለችና ድስቷን አቃናች። ጋሽ ወልዴ «እኔ እንጨት ብቻ ላቅርብ፣ ቢላዋ አልነካም!» ሲሉ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሳቀ። መረቁ ቀዝቀዝ ሲል በጣቷ ጫፍ ሰይድ አፍ ውስጥ አደረገችለት። ዋጠ። ደግማ ሰጠችው፤ ዋጠ። ሦስተኛው ሲዘገይበት እሪ ብሎ አለቀሰ፣ እኛም ልቅሶውን ሰምተን ደስታችንን የምናደርግበት ጠፋን።

የእንግዶቹ መኪና የደረሰው በዚህ መሃል ነው። ሹማችን ቀድሞ ወረደና ሰዉን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «ምንድን ነው ይሄ? ምን ብዬ ነበር ያዘዝኩህ?» አለ ወደ አቶ ግዛቸው።

«ወንዙን እኔ ልምረጥ ብዬዎት ነበር» አሉ አቶ ግዛቸው።

እንግዶቹ ኮፍያና አዲስ ዘንግ ይዘው መኪናው አጠገብ ቆመው ቀሩ። አንዱ ሊመለስ በሩን ከፈተ። ያኔ ሼህ ይማም በዱላቸው ተነሱ። ከድስቱ የወጣውን ዓሣ በቅጠል ላይ አድርገው፣ እንግዳ ሲመጣ ቤታቸው ደጃፍ ላይ እንደሚቆሙት ቆሙ።

«መርሀባ፣ አፊያ ናችሁ? ከመንገድ ነው የመጣችሁት፤ ቅረቡ፣ አብረን እንቅመስ። ትንሽ ናት፣ ግን ለሁላችን ትደርሳለች።»

መጀመሪያ የቀረቡት ጋሽ ወልዴ ናቸው። እጃቸውን ታጥበው፣ ያልታረደውን ዓሣ ከሼሁ እጅ ተቀብለው ጎረሱ። ከእንግዶቹ መካከል በዕድሜ የገፉት ሰውዬ ይህን አዩ። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ዘንጋቸውን ሣሩ ላይ አጋደሙ፣ መጥተው ከሼህ ይማም አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ቁራሿን ተቀብለው ሳይጎርሷት ይዘዋት ቆዩ።

«አገራችሁ ወዴት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ጌታዬ፣ መኪናው እየጠበቀ ነው» አለ ሹማችን።

«ይጠብቅ» አሉት።

ሼህ ይማም ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ከመንደራቸው ስም ጀምረው ነገሯቸው።